ሞተሩ ከቆመ በኋላ፦ ቸርችል ጎዳና ላይ የደረሰ የአንድ አደጋ ጉዳይ ጥናት

በትራፊክ ፖሊሱ መዝገብ ላይ የአደጋው ምክንያት በሁለት ቃል ተጽፏል፦ ቅድሚያ መከልከል። ሚኒባሱ ከቆመበት ተነስቶ ወደ መስመር ሲገባ ከኋላው የሚመጣውን ሞተር አላሳለፈም። እውነት ነው፤ አልቃወምም። ግን ይህ የሚነግረን ሞተረኛው ለምን እንደወደቀ ብቻ ነው። እግሩን ሊያጣ የደረሰው ለምንድን ነው? የዚህ መልስ መዝገቡ ውስጥ የለም። ትንሹ መልስ ከአደጋው በፊት ነው ያለው፤ ትልቁ ደግሞ ሞተሩ አስፋልት ላይ ተንሸራትቶ ከቆመ በኋላ ባሉት ሰዓታት ውስጥ።

የቤተሰቡ ጎረቤት ነኝ። የሕክምና ወረቀቱን፣ የፖሊስ ማስረጃውን፣ የኢንሹራንሱን ደብዳቤ እየሰበሰብኩ ፎቶ ኮፒ ሳስደርግ የከረምኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ጉዳዩን ከወረቀቱም ከሰዎቹም አውቀዋለሁ። ስም አልጠቅስም። ክሊኒኩንም፣ ሆስፒታሉንም፣ የመድን ድርጅቱንም እንዲሁ። ተጎጂውን "ልጁ" እለዋለሁ። ሠላሳ ሊሞላው ትንሽ የቀረው ሰው ነው፤ ሰፈራችን ውስጥ ግን ዛሬም ልጁ ነው።

ሞተሩና ነጂው

ሞተሩ ያማሃ ዲቲ 125 ነው፤ ትሬል የምንለው ዓይነት። ቁመቱ ረጅም፣ ወገቡ ቀጭን፣ የፊት ፓራፋንጎው ከጎማው ብዙ ከፍ ያለ፣ ጎማው ጥርሳም። ለመስክ የተሠራ ነው። እንዲህ ያለውን ሞተር አብዛኛውን ጊዜ የምታዩት ገጠር ላይ፣ የግብርና ባለሙያ ወይም የዕርዳታ ድርጅት ሠራተኛ እየነዳው ነው። ሲያረጅ በጨረታ ይሸጣል። ይሄኛውም ከጨረታ ወጥቶ፣ እጅ በእጅ ዞሮ፣ የልጁ ጓደኛ ታላቅ ወንድም ጋ ደረሰ። ሊብሬው ግን አሁንም በቀድሞው ገዢ ስም ነበር። ይህን ያዙልኝ፤ ወደኋላ ላይ ያስፈልገናል።

ሞተሩ ላይ ጥፋት የለም። ፍሬኑ ይሠራል፣ መብራቱ ይበራል። ችግሩ የነበረው የሞተሩና የመንገዱ አለመገጣጠም ነው። ጥርሳም ጎማ ጭቃና ኮረኮንች ላይ መሬቱን ቆንጥጦ ይይዛል። አስፋልት ላይ ግን መንገዱን የሚነካው የጥርሶቹ ጫፍ ብቻ ነው። አስፋልቱ ሲረጥብ ደግሞ የሚይዘው የባሰ ይቀንሳል። ይህን የመስክ ሞተረኛ ሁሉ ያውቃል። ልጁ ግን የመስክ ሞተረኛ አይደለም። ፒያሳ አካባቢ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ሱቅ ውስጥ ነው የሚሠራው። ለገሃር የሚደርስ ዕቃ ነበረ፤ ታክሲ ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ጓደኛው "ሞተሩን ውሰድ በቃ" አለው።

የመኪና መንጃ ፈቃድ አለው። የሞተር የለውም። ሁለቱ የተለያዩ ምድቦች ናቸው፤ አንዱ ለሌላው አያገለግልም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። የፊት ፍሬን አይነካም። "የፊቱን ከያዝክ አሽቀንጥሮ ይጥልሃል" የሚለውን ምክር የሰጠው ማን እንደሆነ እሱም አያስታውስም። ሞተር የጀመረ ሁሉ ይሰማዋል። ምክሩ ግማሹን ብቻ ነው የሚናገረው። የፊቱን ፍሬን በድንገት ጨብጦ መያዝ እውነትም ይጥላል። ግን ሞተር ፍሬን ሲይዝ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ስለዚህ በትክክል የሚያቆመው በዋነኛነት የፊት ጎማው ነው። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ይበልጥ። የኋላውን ብቻ አጥብቆ የረገጠ ሰው ጎማውን ይቆልፈዋል። የተቆለፈ ጎማ ይንሸራተታል እንጂ አያቆምም።

ለልጁ የሚመሰከርለትም አለ። ሄልሜት አድርጎ ነበር። ሙሉ ፊት የሚሸፍነውን፣ ማሰሪያውም የታሰረ። አዲስ አበባ ውስጥ ሄልሜቱን ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ የሚነዳ ስንት አለ! እግሩ ላይ ያደረገው ግን ሸራ ጫማ ነው። እንዲህ ያለ ሞተር በስፖርት የሚነዱ ሰዎች እስከ ጉልበት የሚደርስ፣ ቅልጥም ላይ ጠንካራ መከላከያ ያለው ቡትስ ያደርጋሉ። ለጌጥ አይደለም። ሞተረኛ ሲጋጭ መጀመሪያ የሚመታው ብዙ ጊዜ እግሩ ነው።

ቁልቁለቱ

ቸርችል ጎዳና ከማዘጋጃ ቤት በኩል ቁልቁል ወርዶ ለገሃር ባቡር ጣቢያ ፊት የሚያልቅ መንገድ ነው። ላዩ ላይ ቆሞ ወደታች ለሚያይ ያምራል። ለሚነዳ ግን ሞተሩ ሳይነካ ፍጥነት የሚጨምርበት መንገድ ነው። አደጋው የደረሰው ከቴዎድሮስ አደባባይ ትንሽ ወረድ ብሎ፣ ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በሚወስደው በኩል ነው። ግንቦት መጨረሻ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ። ለቀናት ሳይዘንብ ቆይቶ ማካፋት የጀመረበት ሰዓት ነበር።

ይህች የመጀመሪያዋ ካፊያ ከዶፍ ትብሳለች። አስፋልቱ ላይ የከረመው ዘይትና አቧራ ከትንሽ ውሃ ጋር ሲቀላቀል ሙልጭ ያለ ይሆናል። ዶፍ ቢሆን አጥቦ ይወስደው ነበር። የዜብራው ነጭ ቀለምም ሲረጥብ ለሁለት ጎማ ጠላት ነው።

ሚኒባሱ ቀኝ ጥጉን ይዞ ቆሞ ሰው እየጫነ ነበር። ረዳቱ "ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!" እያለ በሩን ሳይዘጋ ሾፌሩ ተነሳ። ፍሬቻ አላሳየም ይላል ልጁ። አሳይቻለሁ ይላል ሾፌሩ። ስፖኪዮውን ማየቱን ይምላል፤ ያየው ግን ራቅ ብሎ የሚመጣ አንድ ቪትዝ ብቻ ነው። ሞተሩን አላየም።

አላየሁም ማለቱን እኔ አምነዋለሁ። አሜሪካ ውስጥ ሃሪ ኸርት የሚባል ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሎስ አንጀለስ አካባቢ የደረሱ 900 ያህል የሞተር አደጋዎችን ቦታው ድረስ እየሄደ አጥንቶ በ1981 እ.ኤ.አ. ሪፖርት አውጥቶ ነበር። ከአደጋዎቹ ሦስት አራተኛ ያህሉ ከሌላ ተሽከርካሪ ጋር የደረሱ ግጭቶች ናቸው። ከእነዚህ ግጭቶች በሁለት ሦስተኛው የሞተረኛውን ቅድሚያ የከለከለው ሌላው ሾፌር ነበር። ምክንያቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ክፋት ሳይሆን ሞተሩን አለማየት ወይም ዘግይቶ ማየት ነው። ሰው መኪና ሲፈልግ የሚያየው መኪና ነው። ቀጭን ነገር ከፊቱ እያለ ያልፈዋል። የልጁ መብራት ደግሞ አልበራም ነበር። ቀን ነዋ! ማን ቀን መብራት ያበራል? ሞተረኛ ማብራት አለበት፤ ይህም ከዚያ ሪፖርት ምክሮች አንዱ ነው።

ፍጥነቱ ላይ ስምምነት የለም። ልጁ አርባ ይላል፣ ሾፌሩ "ይበር ነበር" ይላል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ብንል በአንድ ሰከንድ 14 ሜትር ያህል ይሄዳል። 40 ብንል 11። ሰው አደጋ አይቶ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ሚኒባሱ አፍንጫውን ያወጣው ከዚያ ብዙም በማይበልጥ ርቀት ላይ ነው። ልጁ የኋላውን ፍሬን ረገጠ፣ ጎማው ተቆለፈ፣ ሞተሩ በጎን ዞረ። የቀኝ እግሩ በሞተሩና በሚኒባሱ የፊት ፓራውልት መካከል ተያዘ። ከዚያ ወደቀ። ጭንቅላቱ አስፋልቱን መታ። ሄልሜቱ ላይ ከጆሮ እስከ አገጭ የሚደርስ ጭረት አለ፤ ዛሬም ቤታቸው ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጧል።

ጭንቅላቱ ተረፈ። ሄልሜት የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ ገደማ፣ ሞትን በ42 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ ጥናቶችን አሰባስበው የገመገሙ ባለሙያዎች ጽፈዋል። ልጁም ሄልሜት ካተረፋቸው ሰዎች አንዱ ሊሆን ይችላል። ግን ይህ መትረፍ ሁሉንም ሰው አዘናጋ።

ተመስገን የተባለበት ቁስል

ሰው ተሰበሰበ። ሄልሜቱን አወለቁለት። (በነገራችን ላይ ራሱን ለማያውቅ ሰው ይህ አይደረግም። አንገቱ ተጎድቶ ከሆነ ማወላለቁ ይጎዳዋል፤ መተንፈስ ካላቃተው የሚያውቅ ሰው እስኪመጣ መተው ነው። እዚህ ዕድል ሆነና አንገቱ ደህና ነበር።) ልጁ ይናገራል፣ ስሙን ያውቃል፣ እናቱ ጋ እንዳይደወል ይለምናል። "ተመስገን በል! ጭንቅላትህ ከተረፈ ሌላው ቀላል ነው" አሉት አንድ አዛውንት። ሾፌሩ ከአጠገቡ ተንበርክኮ "ወንድሜ ይቅር በለኝ፣ አላየሁህም" ይላል።

ቅልጥሙ ላይ ከጥፍር የማትበልጥ ቀዳዳ ነበረች። ደም ቀስ እያለ ይወጣል፣ ደሙ ላይ የቅባት ጠብታ የመሰለ ነገር ይታያል። እግሩ ትንሽ ጠመም ብሏል። አንዱ ሻርፑን አውልቆ አሰረለት። ከዚያ አራት ሰዎች በብብቱና በእግሩ ይዘው አንስተው የኋላ ወንበር ላይ አስተኙት። ሲያነሱት እግሩ ተወዛወዘ። ልጁ ከግጭቱ ይልቅ የሚያስታውሰው ይህን ነው።

907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር ነው። 939 የእሳትና አደጋ። ሁለቱም ጋ የደወለ አልነበረም። ደዋይ ቢኖርም አምቡላንሱ በሥራ መውጫ ሰዓት ስንት ደቂቃ ይፈጅ እንደነበር መናገር አይቻልም፤ ስለዚህ ሰዎቹን በዚህ አልወቅስም። የምወቅሰው እግሩን ሳይደግፉ ማንሳታቸውን ነው። ካርቶን ወይም ጣውላ ከሥር አድርጎ በሁለት ጨርቅ ማሰር ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። የተሰበረ አጥንት በተወዛወዘ ቁጥር ዙሪያው ያለውን ሥጋና የደም ሥር ይቆርጣል፣ እብጠቱንም ይጨምራል።

የቅልጥም አጥንት ፊት ለፊቱ ሥጋ የለውም። እጃችሁን ብታሳርፉበት ከቆዳው ሥር ወዲያው አጥንት ነው። ስለዚህ ሲሰበር ቆዳውን በስቶ መውጣት ይቀለዋል፤ አንዳንዴ በስቶ ወጥቶ ተመልሶ ይገባል። የምትቀረው ትንሽ ቀዳዳ ናት። ጉስቲሎና አንደርሰን የተባሉ ሐኪሞች በ1976 እ.ኤ.አ. ባወጡት አከፋፈል ከ1 ሴንቲ ሜትር የማትበልጥ ቀዳዳ እንኳ ክፍት ስብራት ናት። ክፍት ስብራት ማለት የመንገዱ ቆሻሻ አጥንቱ ጋ ደርሷል ማለት ነው። አንቲባዮቲክ በፍጥነት፣ ቢቻል በመጀመሪያው ሰዓት መጀመር አለበት። የቴታነስ መርፌም ያስፈልጋል። ቁስሉ ኦፕሬሽን ክፍል ገብቶ ተከፍቶ በብዙ ውሃ ይታጠባል። ያች የቅባት ጠብታ ደግሞ ከአጥንቱ መቅኔ የምትመጣ ናት፤ ለሚያውቅ ሰው ስብራቱን የምትናገር።

መኪና የሰጠው ሰው ልጁን የወሰደው ወደሚያውቀው አንድ የግል ክሊኒክ ነው። ቅንነት ነው። "ሆስፒታል ወረፋ ነው" ብሎ አስቦ ነው። ክሊኒኩ ራጅ አነሳ፤ አጥንቱ ተሰብሯል። ቁስሉን ከላይ አጥቦ በሁለት ስፌት ሰፋው። ከዚያ ከጭኑ እስከ ጣቱ ዙሪያውን ሙሉ ጀሶ አደረገለት። ክኒን ሰጥቶ "ከሳምንት በኋላ ና" ብሎ ሸኘው። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ልጁ ቤቱ ነበር። ቡና ተፈላ። ዘመድ መጣ። እናቱ ስለት ገባች።

ከዚህ ወዲያ ነው ጉዳዩ የተበላሸው።

ሌሊቱ

ክሊኒኩ ያደረጋቸው ሁለት ነገሮች ለየብቻቸው ብዙ ቦታ የሚደረጉ ናቸው። ሳይከፈትና በደንብ ሳይታጠብ የተሰፋ ቀዳዳ ቆሻሻውን ወደ ውስጥ ይዘጋል። ሙሉ ጀሶ ደግሞ ትኩስ ስብራት ላይ ሲደረግ ለእብጠት ቦታ አይተውም። እግር ከተሰበረ በኋላ ለአንድ ሁለት ቀን እያበጠ ነው የሚሄደው። በዚያ ጊዜ የሚደረገው ከኋላ በኩል ብቻ የሚይዝ ግማሽ ጀሶ ነው፣ በፋሻ የሚታሰር። እብጠቱ ሲጎድል ወደ ሙሉ ይቀየራል።

ከጉልበት በታች ያሉት ጡንቻዎች በአራት ክፍል ተከፍለው ተቀምጠዋል። እያንዳንዱ ክፍል የማይለጠጥ ጠንካራ ሽፋን አለው። ስብራት ሲኖር ደምና እብጠት በዚያ ክፍል ውስጥ ይታጨቃል። ሽፋኑ አይሰፋም፤ ስለዚህ ግፊቱ ይጨምራል። ግፊቱ ሲጨምር ቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች ይዘጋሉ፤ ጡንቻው ኦክስጅን ያጣል። እንደዚህ ሆኖ ስድስት ሰዓት ገደማ ካለፈው ጡንቻው መሞት ይጀምራል፤ የሞተው አይመለስም። ሐኪሞች ኮምፓርትመንት ሲንድሮም ይሉታል። የቅልጥም ስብራት ከዋነኞቹ ምክንያቶቹ አንዱ ነው። በላዩ ላይ ጠባብ ጀሶ ሲደረግ ደግሞ ከውጭም ይጨመቃል።

ከሌሊቱ አራት ሰዓት ጀምሮ ልጁ ይጮህ ነበር። እኛ ቤት ድረስ ይሰማል። "ስብራት ነው፣ ያማል፣ ቻለው" ተባለ። ተጨማሪ ክኒን ተሰጠው። እግሩን ሦስት ትራስ ደርበው ከፍ አደረጉለት። እንዲህ ባለ ሁኔታ እግር በጣም ከፍ ሲል የሚደርሰው ደም ይቀንሳል፤ ከልብ ጋር እኩል መሆን ነው ያለበት። ግን ይህን ማን ያውቃል? ለተራ ወለምታ ከፍ ማድረግ ትክክል ስለሆነ ሁሉም ያን ነው የሚያውቀው።

አክስቱ ጣቶቹን ዳሰሰች። "ይሞቃሉ፣ ደም አለ፣ አይዞን" አለች። ሌላው የሚያሳስት ነገር ይህ ነው። በዚህ ችግር ጊዜ ትልቁ የደም ሥር እስከ መጨረሻው ሊመታ ይችላል። ጣት መሞቁ ምንም አያረጋግጥም። ዋናው ምልክት ሕመም ነው፤ ከጉዳቱ በላይ የሆነ፣ በማስታገሻ የማይበርድ። ከሁሉ የሚለየው ደግሞ ጣቶቹን ሌላ ሰው ቀስ ብሎ ወደ ላይ ሲያጥፋቸው የሚመጣው ሕመም ነው።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ወጌሻ ይጠራ የሚል ሐሳብ መጣ። ሐሳቡን ያመጡት ሰውዬ ለክፋት አይደለም። "ጀሶው ሳይሆን አይቀርም ያሳመመው፣ ይፈታና በቀርከሃ ይታሰርለት" አሉ። ግማሹ ልክ ነበር፤ ጀሶው መፈታት ነበረበት! ሌላው ግማሽ ግን እግሩን ይገድለው ነበር። ወጌሻ ወለምታ ላይ፣ የወጣ ትከሻ ላይ እጁ የሚመሰገን ሰው ሊሆን ይችላል። ያበጠ ቅልጥም ላይ ቀርከሃ አጥብቆ ሲያስር ግን ከጀሶው የተለየ ነገር እያደረገ አይደለም፤ ያው መጨመቅ ነው። በአገራችን ሆስፒታሎች ከወጌሻ እስር በኋላ በጋንግሪን እግራቸው የሚቆረጥ ሰዎች፣ ሕፃናትም ጭምር፣ በተደጋጋሚ የተመዘገበ ነገር ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል፤ ሰው ወደ ወጌሻ የሚሄደው ባላዋቂነቱ ብቻ አይደለም። ወጌሻው ቤት ድረስ ይመጣል፣ ሌሊት ይመጣል፣ ያናግርሃል። ክሊኒኩ "ከሳምንት በኋላ ና" ነው ያለው፤ ሌሊት ቢያምህ ምን አድርግ አላለም። በእኔ እምነት የጎደለችው አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፦ ሕመሙ ከባሰ ጀሶው ይቀደድ፣ ወዲያው ሆስፒታል።

የዳነው ግቢያችን ውስጥ በተከራየች አንዲት ነርስ ነው። ከማታ ፈረቃ ስትገባ ጩኸቱን ሰማች። ጫማዋን ሳታወልቅ ገባች። አውራ ጣቱን ይዛ ቀስ ብላ ወደ ላይ አጠፈችው። ልጁ ጣራ ነካ። "እትዬ፣ አሁኑኑ ሆስፒታል። ነገ አይባልም" አለች። እናቱ "ሲስተር፣ ሌሊት ነው እኮ፣ መኪና ከየት..." ስትል ነርሷ ስልኳን አውጥታ ራይድ እየጠራች ነበር።

ስምንት ሰዓት ላይ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ደረሱ። ጀሶው ወዲያው ተቀደደ። ወረፋ አልነበረም፤ ወይም ለእሱ አልነበረም፤ ድንገተኛ ክፍል የሚያየው ማን ቀድሞ መጣ ብሎ ሳይሆን ማን ይበልጥ ታሟል ብሎ ነው። ከንጋቱ በፊት ኦፕሬሽን ገባ። እግሩን በሁለቱም ጎን በረጅሙ ከፍተው አራቱንም ክፍሎች አስተነፈሷቸው። ስፌቱን ፈትተው ቀዳዳውን አስፍተው አጠቡት። አጥንቱን ከውጭ በሚታሰር ብረት ያዙት። ቁስሉ ለቀናት ክፍት ሆኖ እየተመላለሰ ታጠበ፤ በኋላ ከጭኑ ቆዳ ተወስዶ ተለጠፈበት።

ከፊት ለፊቱ ክፍል ጥቂት ጡንቻ ሞቶ ነበር። ሐኪሙ ለቤተሰቡ ሲያስረዳ ነገሩን አላድበሰበሰም። ጥቂት ሰዓት ቢዘገይ ኖሮ ንግግሩ ስለ ሌላ ነገር ይሆን ነበር።

በኋላ ቁስሉ ሲደርቅ የውጭው ብረት ተነስቶ አጥንቱ ውስጥ ዘንግ ገባለት። ዘንጉ ሳይን የሚባለው ነው። ሉዊስ ዘርክል የተባለ አሜሪካዊ የአጥንት ሐኪም በ1999 እ.ኤ.አ. በመሠረተው ድርጅት የሚሠራ ነው። ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ ራጅ በማይኖርበት ቦታም እንዲገባ ተደርጎ የተሠራ ሲሆን፣ ለድሃ አገር ሆስፒታሎች በነፃ ይሰጣል። ጥቁር አንበሳን ጨምሮ አገራችን ውስጥ ሲሠራበት ቆይቷል። የሞተር አደጋ እየበዛ ለሄደባቸው አገሮች ይህ ዘንግ ስንት ሰው አቁሞ እንዳስኬደ ሳስብ፣ ስሙን የሚያውቀው ሰው ማነሱ ይገርመኛል።

ወረቀቱ

ሕጉ ላይ ረጅም ጊዜ አጠፋን፤ እኔ ግን አሳጥረዋለሁ።

ትራፊኩ ፕላን አንስቷል። ጥሩ ፕላን ነው፤ የሚኒባሱ አቀማመጥ፣ የሸርታቴው ምልክት፣ ሁሉም አለ። የወንጀሉ ክስ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 559፣ በቸልተኝነት አካል ማጉደል፣ በሾፌሩ ላይ ተመሠረተ። ሾፌሩ አምኖ ቅጣቱን ተቀበለ። ሽማግሌም ልኳል፤ ቤተሰቡም ይቅር ብሏል። ይቅርታው ግን የካሣውን ጥያቄ አይዘጋም፤ ይህን ለእናትየው ማስረዳት ቀላል አልነበረም። "ይቅር ካልኩ በኋላ ገንዘብ ስጠኝ ማለት ነውር አይደለም ወይ?" ትላለች። ገንዘቡን የሚከፍለው በዋናነት መድኑ መሆኑን ስንነግራት ትንሽ ቀለላት።

የ2005ቱ አዋጅ ቁጥር 799 ማንኛውም ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን እንዲኖረው ያስገድዳል። ለተጎጂ አስቸኳይ ሕክምና የሚሸፍን ገንዘብም አለው። አዋጁ ሲወጣ ያ ገንዘብ 2,000 ብር ነበር፤ ለአካል ጉዳት የተቀመጠው ጣሪያ ደግሞ 40,000 ብር። የተቆረጠ ጡንቻ፣ የተለጠፈ ቆዳና የወራት ሥራ ማጣት በዚህ አይሸፈንም። ከዚያ በላይ ያለው በባለንብረቱ ላይ ነው የሚጠየቀው።

ባለንብረት ሲባል ደግሞ የሊብሬው ነገር መጣ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። አንቀጽ 2084 ደግሞ ሁለት ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ ሁለቱም እኩል አስተዋፅኦ እንዳደረጉ ይቆጥራል፤ ከአጠቃላይ ጉዳቱ እያንዳንዱ ባለቤት ግማሹን ይሸከማል። ይህ የማይሆነው አደጋው ሙሉ በሙሉ ወይም በዋናነት በአንደኛው ነጂ ጥፋት መድረሱ ሲረጋገጥ ነው። የሚኒባሱ መድን ጠበቃ እዚህ ላይ ነው የያዘን። የሞተር መንጃ ፈቃድ የለውም፣ መብራት አላበራም፣ ጎማው ለአስፋልት አይደለም፤ ስለዚህ ግማሽ በግማሽ። በዚያ ስሌት የሚኒባሱ ፓራውልት ግማሽ ዋጋ ሞተሩን ሸጦ ዓመታት ያለፉትን፣ ሊብሬው ላይ ግን ስሙ ያለውን ሰው ሊያስጠይቅ ነው። ሰውዬው ስልክ ስንደውልለት መጀመሪያ የሰደበን፣ ቀጥሎ የለመነን ለዚህ ነው። ሞተር የሸጠ ሰው ስም ሳያዛውር እንዴት ይተኛል?

የእኛ ጠበቃ የመለሰው ቀላል ነው። መንጃ ፈቃድ አለመኖር ራሱን የቻለ ጥፋት ነው፤ አደጋውን ያመጣው ግን በሩ ሳይዘጋ ከጥግ የተነሳው ሚኒባስ ነው። ፕላኑ ይህን ያሳያል። ክርክሩ ፍርድ ቤት ሳይደርስ በድርድር አለቀ። ልጁ ከግማሽ በላይ፣ ከሙሉው በታች አገኘ። እኔ ቅር አላለኝም። ከውል ውጭ የሚጠየቅ ካሣ በአንቀጽ 2143 በሁለት ዓመት ይርጋ ይታገዳል፤ እኛ ደግሞ "እግሩ ይዳንና እናያለን" እያልን ከዚያ ጊዜ ብዙውን ልንበላ ጥቂት ቀርቶን ነበር።

ክሊኒኩን መክሰስ ይቻል ነበር። ቤተሰቡ አልፈለገም።

አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ከተማዋ ሞተር ሳይክል ከልክላ ነበር፤ ምክንያቱ ቅሚያና ዝርፊያ ነበር። በኋላ ፈቃድና ምዝገባ ላላቸው ተከፈተ። ያኔ የተወራው ሁሉ ስለ ሌባ ነው። ሞተረኛው ማን እንደሆነ፣ የት እንደሚሠራ፣ ታርጋው ምን እንደሆነ ተጠየቀ። ፍሬን መያዝ ይችላል ወይ፣ ጎማው ምንድን ነው፣ ሲወድቅ ማን ያነሳዋል የሚለው ግን ብዙም አላነጋገረም። ከተማ ውስጥ በሞተር ምግብና ዕቃ የሚያደርሰው ወጣት በየዓመቱ እየበዛ ነው። ለእነዚህ ልጆች አንድ ከሰዓት ስለ ፊት ፍሬንና ስለ እግር መደገፍ ማስተማር ሄልሜት ከመግዛት የበለጠ ወጪ የለውም።

አሁን ያለበት

ልጁ ይራመዳል። እግሩን ከፍ አድርጎ ጣቱን ወደ ላይ ማጠፍ ሙሉ በሙሉ አይሆንለትም፤ ደረጃ ሲወጣ አልፎ አልፎ ጫማው ይጠልፈዋል። ዘንጉ ውስጥ ነው ያለው፤ ካላስቸገረው አይወጣም ብለውታል። ሱቁ ተመልሷል። ነርሷ ቤቱን ለቃ ሌላ ሰፈር ገብታለች፤ በዓል ሲመጣ ዳቦ ተጭኖ ይሄድላታል።

ሞተሩ ፖሊስ ጣቢያው ግቢ ውስጥ ቆሟል። የሚለቀቀው ሊብሬው ላይ ስሙ ላለው ሰው ነው፤ ያ ሰው ደግሞ የሞተሩን ስም መስማት አይፈልግም። የጓደኛው ታላቅ ወንድም አሁንም ይደውላል።

ልጁ ደግሞ ባለፈው ወር የሞተር መንጃ ፈቃድ ትምህርት ተመዝግቧል። እትዬ፣ ይህን ካነበቡ፣ የመከርኩት እኔ አይደለሁም።